«አልፈልግም» እና «አልችልም»፦ ያለ ጊዜው የተወለደው ልጅ ፍትፍት የሚተፋበት ምክንያት

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው። ወንዱ ልጄ በ31 ሳምንቱ ተወለደ፤ ሲወለድ 1.5 ኪሎ ነበር፣ አምስት ሳምንት ሙቀት ክፍል ቆይቷል። አሁን 17 ወሩ ነው፣ 8.4 ኪሎ ይመዝናል። ጡት ከተወ ስድስት ወር ሆነው። በቀን ባለ 240 ጡጦ አምስት ጊዜ ይጠጣል፤ ሦስቱ የላም ወተት፣ ሁለቱ ቀጭን አጥሚት ነው። ፍትፍት አፉ ሲገባ ኧክ ኧክ ብሎ ይተፋዋል፣ አንዳንዴም የጠጣውን ሁሉ ያስመልሰዋል። ይዘን ስንግተው ብሶበት አሁን ማንኪያ ገና ሲያይ ያለቅሳል። እናቴ ‹እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥለት› ትላለች። በቀኗ የተወለደችው የ3 ዓመት እህቱ ደግሞ ከፓስታ፣ ከዳቦና ከደረቅ እንጀራ ሌላ አትነካም። የሁለቱ ችግር አንድ ነው? ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

አንድ አይደለም። ትልቋ ማኘክም መዋጥም ትችላለች፤ አልፈልግም እያለች ነው። ትንሹ ግን «አልችልም» እያለ ነው፤ አፉ ያልተማረውን ሥራ ነው የምትጠይቁት። ለሁለቱ አንድ መድኃኒት ከፈለጉ ከሁለቱም አያገኙም። በጥያቄዎ ውስጥ የሚቸኩል ጉዳይ ስላለ ከእሱ እጀምራለሁ።

እንጥሉን አያስቆርጡ። ልጁ ኧክ ሲል አፉ ወለል ብሎ ስለሚከፈት እንጥሉ ይታያል፤ ደጋግሞ ካስመለሰም ሊቀላና ሊያብጥ ይችላል። ያዩት እብጠት የማስመለሱ ውጤት እንጂ መነሻው አይደለም። በምላጭ ሲቆረጥ ደም ይፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ቴታነስ ሊያስከትል ይችላል። ከዚህ ሁሉ ቢተርፍ እንኳ «ወደ አፌ የሚመጣ እጅ ያሳምመኛል» ብሎ ለሚያስብ ልጅ ትልቁን ማስረጃ ሰጥታችሁት ትመለሳላችሁ። ‹ግግ ነው› ብሎ ድድ መብጣትም ሆነ የወተት ጥርስ መንቀልም እንደዚያው ነው። ለእናትዎ ሲያስረዱ «ያዩት እውነት ነው፣ ቀልቷል፤ የቀላው ግን ስለሚያስመልስ ነው» ቢሏቸው ይሻላል። ያዩትን አላየሽም ብሎ መከራከር ቤት ውስጥ አይሠራም።

አሁን ወደ ዕድሜው። ሙሉ እርግዝና 40 ሳምንት ነው። ልጅዎ በ31 ስለወጣ 9 ሳምንት፣ ሁለት ወር ያህል ቀድሟል። ስለዚህ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ የምንለካው በተስተካከለው ዕድሜው፣ ማለትም እንደ 15 ወር ልጅ ነው። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልዎ። በዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ ለ17 ወር ወንድ ልጅ የዝቅተኛው ወሰን መስመር 8.6 ኪሎ ነው፤ ለ15 ወር 8.3 ነው። 8.4 የሚመዝነው ልጅዎ በልደት ቀኑ ከተቆጠረ ከመስመሩ በታች ይወድቃል፣ በተስተካከለው ዕድሜ ደግሞ ከመስመሩ በላይ ለጥቂት ይቆማል። ጠርዝ ላይ ነው ማለት ነው፤ ሁለት ወር መዘናጋት አይችልም። ቁመቱንና የክንዱን ዙሪያም በአቅራቢያዎ ባለው ጤና ጣቢያ ያስለኩ። የክንዱ መጠን ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ መካከለኛ፣ ከ11.5 በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ነው፤ ያኔ ከዚህ በታች የምጽፈው ብቻውን አይበቃም፣ ልጁ በጤና ተቋሙ የሕክምና ምግብ ፕሮግራም ውስጥ መግባት አለበት።

አፉ ለምን አልተማረም?

ሕፃን መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን አስማምቶ መሥራት የሚጀምረው በ34ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። በ31 የተወለደ ልጅ ያን ጊዜ እስኪደርስ በአፍንጫው ወይም በአፉ በገባ ቱቦ ይመገባል። ቱቦው ሕይወቱን አትርፏል፤ ነገር ግን አፉ በነዚያ ሳምንታት የተዋወቀው ፕላስተርን፣ አክታ መምጠጫንና ጉሮሮ የሚኮረኩር ቱቦን ነው። ሆዱ ሲሞላ አፉ ምንም አላጣጣመም። በቀኑ የተወለደ ልጅ ግን በእናቱ ሆድ ውስጥ ጣቱን እየጠባ፣ እንሽርት ውሃውን እየዋጠ እስከ 40ኛው ሳምንት ተለማምዶ ይወጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ከቤት ይመጣል። ትንሽ ነው፣ ታሞ ነበር፣ ይታነቃል እየተባለ ቀጭኑ ይቀጥላል። ልጆች እብጥብጥ ያለ፣ በድድ የሚፈጭ ምግብ የሚለምዱበት የተመቸ ጊዜ ከ6 እስከ 9 ወር ነው (ለእርስዎ ልጅ በተስተካከለው ዕድሜ)። ያ ጊዜ በጡጦና በአጥሚት ካለፈ ምላስ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሄድ ብቻ እንጂ ምግብን ወደ ጎን ወደ መንጋጋ መግፋት አይማርም። ያ ደግሞ የማላመጥ ሀ ሁ ነው። ጊዜው አልፏልና አይማርም ማለት አይደለም፤ ቀስ ይላል፣ እናንተም ደረጃውን መዝለል አትችሉም።

ሦስተኛው ፍትፍት ራሱ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ፍትፍት ለስላሳ ስለሆነ ለልጅ የቀለለ ይመስለናል። ለአፍ ግን ከሁሉም የከበደ ሥራ ነው፣ ምክንያቱም አንድ ጉርሻ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር አለ፤ የሚፈስ መረቅና እንደ ስፖንጅ ያለ ቁራጭ እንጀራ። ልጁ መረቁን ሊውጥ ሲል ቁራጩ ሳይላመጥ አብሮ ወደ ጉሮሮ ይንሸራተታል። ያልተጠበቀ ነገር ጉሮሮ ሲደርስ ሰውነት ኧክ ብሎ ይመልሰዋል። ወይም እንጀራው ላንቃው ላይ ይለጠፍና ምላሱ ሊያወርደው አይችልም። ስለዚህ «ገንፎ ይውጣል፣ ፍትፍት ግን ይተፋል» የሚሉት እናቶች ልጃቸው አመለኛ ሆኖ አይደለም።

ሆዱ ሞልቷል፣ ግን አልበላም

የልጅ ጨጓራ በአንድ ጊዜ የሚይዘው በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ለ8.4 ኪሎ ልጅ 250 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል፤ አንድ ጡጦ ማለት ነው። ጡጦው ሲገባ ለሌላ ቦታ የለም።

አሁን የሚያገኘውን እናስላ። ሦስት ጡጦ ውሃ ያልነካው ወተት 720 ሚሊ ሊትር ነው፤ 450 ካሎሪ ያህል ይሰጣል። ቀጭኑ አጥሚት በአንድ ጡጦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄትና አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ካለው 50 ካሎሪ ነው፤ ሁለቱ 100። ድምሩ 550። ልጁ በዚህ ክብደቱ በቀን ቢያንስ 700 ያስፈልገዋል፣ የቀረበትን ለማካካስ ደግሞ ወደ 850 መድረስ አለበት። ቀኑን ሙሉ ሲጠጣ ውሎ ክብደት የማይጨምረው ለዚህ ነው።

ወተቱ ሌላም ጣጣ አለው። ልጅ የብረት ማዕድን (አይረን) ክምችቱን የሚቀበለው በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ስለሆነ ያለ ጊዜው የወጣ ልጅ ጎተራው ባዶ ሆኖ ነው የሚጀምረው። በዚህ ዕድሜ በቀን 7 ሚሊ ግራም ብረት ያስፈልገዋል፤ አንድ ሊትር የላም ወተት ውስጥ ያለው ግማሽ ሚሊ ግራም ብቻ ነው፣ ብዙ ወተት ደግሞ የሌላውን ምግብ ብረት እንዳይመጠጥ ያግዳል። ደም ማነስ ራሱ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። እንግዲህ ክቡ ይዞራል፤ ወተት፣ ደም ማነስ፣ አለመብላት፣ እንደገና ወተት። የሂሞግሎቢን (የደም ማነስ) ምርመራ በዚህ ሳምንት ያሠሩለት። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውጤቱ ሲነበብ የከፍታ ማስተካከያ እንዲታሰብ ይጠይቁ። ደም ማነስ ከተገኘ ሐኪሙ በክብደቱ ልክ (በተለምዶ በኪሎ 3 ሚሊ ግራም በቀን፣ ለሦስት ወር ያህል) ሽሮፕ ያዝለታል። ከፋርማሲ ገዝቶ በግምት መስጠት አደገኛ ነው፤ ብረት ሲበዛ ልጅን ይመርዛል።

የሚጠጣው ወተት ጣሪያ በቀን 500 ሚሊ ሊትር ነው፣ ሁለት ጡጦ ያህል። በአንድ ቀን አይቁረጡት፤ ጠርዝ ላይ ያለ ልጅ ኪሎ ይጥላል። መጀመሪያ ሁለቱን የአጥሚት ጡጦዎች ከዚህ በታች ባለው ገንፎ ይተኩ፣ ገንፎውን ሲቀበል ሦስተኛውን የወተት ጡጦ በየሦስት ቀኑ 30 ሚሊ ሊትር እየቀነሱ ያስወጡ። ከ240 ተነሥቶ ዜሮ ለመድረስ 24 ቀን ይፈጃል። ሌሊት የሚጠጣ ከሆነ የሚቀነሰው የሌሊቱ ይሁን። የቀሩትን ሁለቱን ከምግብ በኋላ፣ በኩባያ። ለልምምድ ከቡና ሲኒ የተሻለ ዕቃ የለም፤ ትንሽ ነው፣ ከንፈሩ ላይ ይገጥማል፣ ቢደፋም ጥቂት ነው የሚደፋው። በዚህ መካከል የጡጦውን ጫፍ በመቀስ ቀዶ ወፍራም አጥሚት ማጠጣት የሚባለውን ዘዴ ይተዉ። ምግቡ ከሚውጠው በላይ ስለሚንዶቆዶቅ ሳንባው ሊገባ ይችላል፣ ማላመጥንም አያስተምርም።

መጋት ይቁም

ይህ ከባዱ ነው፤ ምክንያቱም የሚግተው እጅ የሚወድ እጅ ነው። ነገር ግን ልጁ እያለቀሰ ሲተነፍስ የአየር ቧንቧው ክፍት ነው፤ ያኔ አፉ ውስጥ የተጨመረ ምግብ ወደ ሳንባ ይገባል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ «ሳንባ ምች» የሚታከም፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ካለ አመጋገቡ መጠየቅ አለበት። ሌላውን ጉዳት ልጁ ራሱ ማንኪያ ሲያይ በማልቀሱ ነግሮዎታል። ከዛሬ ጀምሮ ማንም አፉን አይክፈትለት፣ እጁን አይያዝበት፣ ሲያዛጋም ሆነ ሲስቅ አፍታ ጠብቆ አያጉርሰው። አያትየዋን፣ ሠራተኛዋን፣ ጎረቤትን ጨምሮ። አንድ ሰው ብቻ ከጣሰው የሌሎቻችሁ የሦስት ሳምንት ሥራ በአንድ ቀን ይሄዳል።

በምትኩ ሰዓት ይኑረው። ጠዋት 1፡00 ቁርስ፣ 4፡00 መክሰስ፣ 6፡30 ምሳ፣ 10፡00 መክሰስ፣ 12፡30 እራት። በመካከሉ ውሃ ብቻ፤ ብስኩት ይዞ መዞር፣ ሻይ፣ ለስላሳ የለም። ርሃብ በዚህ ሥራ ውስጥ ረዳታችሁ ነው፣ የሚመጣውም ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ክፍተት ሲያገኝ ነው። አንድ ማዕድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። በላም አልበላም ሲያልቅ ትሪው ይነሣል፤ ቁጣም፣ ልመናም፣ ስልክ ላይ ካርቱን መክፈትም የለም። በካርቱን ፈዝዞ የበላ ልጅ አፉ ምን እንደሠራ አያውቅም። መጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ያስፈራሉ፤ በነዚያ ቀናት ወተቱ እንዳለ ስላለ አይራብም፣ አይጨነቁ።

አቀማመጡ ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ይወስናል። ተንጋልሎ ወይም በጭን ላይ ተንጠልጥሎ የሚበላ ልጅ ኃይሉን የሚያፈሰው ላለመውደቅ ነው፤ ለመንጋጋው የሚተርፍ የለም። ዳሌው፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሥሩ፣ እግሩ መሬት ይንካ። የባሕር ዳር ቤት ለዚህ የተሠራ ይመስላል፦ ሞሰቡ ዝቅ ያለ ነው፣ ትንሿ በርጩማ ለልጅ ቁመት ትመጣለች። እግሩ ካልደረሰ አሮጌ ደብተሮች አስረው ከሥር ያድርጉ፤ ወገቡ የሚላላ ከሆነ ጋቢ ጠቅልለው ከጀርባውና ከጎኑ ይደግፉት። እርስዎ ፊት ለፊቱ፣ ዓይኑ ልክ ይቀመጡ። ከላይ የሚመጣ ማንኪያ አገጩን ወደ ላይ ያስቀናዋል፣ አገጩ የቀና ልጅ ደግሞ በቀላሉ ትን ይለዋል።

ደረጃው

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ስለ መዋጥ አያስቡ። ማንኪያ የሚፈራ ልጅ መጀመሪያ ማየት፣ ከዚያ መንካት፣ ማሽተት፣ መላስ፣ ነክሶ መትፋት፣ በመጨረሻ መዋጥ ነው የሚመጣለት። መትፋቱ በዚህ ውስጥ ዕድገት ነውና «እሰይ» ይበሉት እንጂ አይቆጡት። አቮካዶ ትሪው ላይ ጣል ያድርጉለት፣ በእጁ ያቡካው፣ ፊቱን ይቀባ። ሁለተኛ ማንኪያ ለእሱ ይስጡት፣ እርስዎን እንዲያጎርስዎም ይፍቀዱለት። ጉርሻ ከመቀበሉ በፊት ጉርሻ መስጠትን ይማር። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ ሰዓት ውጪ፣ ለስላሳ የልጅ ጥርስ ብሩሽ በውሃ አርሰው በእጁ ይስጡት፤ ራሱ ጉንጩንና ድዱን ሲያሽ ኧክ የሚለው ቦታ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይሸሻል። እርስዎ ብሩሹን ይዘው ወደ ውስጥ ከገቡ ግን እንደ ድሮው ቱቦ ነው የሚቆጥረው።

ከዚያ የምግቡ ዓይነት እንዲህ ይወጣል። መጀመሪያ እብጥብጥ የሌለው፣ ማንኪያ ሲገለበጥ ቀስ ብሎ የሚወርድ ገንፎ። ሲለምደው ወፍራሙ፣ ማንኪያው ላይ የሚቆመው። ቀጥሎ በሹካ የተጨፈለቀ ድንች፣ ስኳር ድንች፣ አቮካዶ፣ የበሰለ ሙዝ፤ በመጀመሪያ ጥሩ አድርገው ይጨፍልቁት፣ በየሦስት አራት ቀኑ ጥቂት እብጥብጥ ይተዉበት። ቀጥሎ በእጅ የሚያዝ፣ በድድ የሚፈርስ ነገር፦ የተቀቀለ ካሮት በጣት ርዝመት፣ በእንፋሎት የበሰለ ዱባ፣ በምራቅ የሚሟሟ ግሉኮስ ብስኩት። ይህን አፉ መሐል አያስቀምጡ፤ በጎን፣ መንጋጋዎቹ መካከል ያድርጉት፣ ምላሱ ወደዚያ መዞር የሚማረው ያኔ ነው። አንዱን ቀን በቀኝ፣ አንዱን በግራ። የመንጋጋ ጥርሱ ገና ባይወጣ ምንም አይደለም፤ በ15 ወር ድድ ብዙ ይፈጫል። ፍትፍት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ እንጀራው በአልጫ ሽሮ ሙሉ በሙሉ ርሶ፣ በሹካ ተደቅቆ አንድ ወጥ ሆኖ፣ ኋላ ቁራጮቹ እየታዩ። በርበሬውን ለጊዜው ይርሱት።

አንድ ደረጃ ላይ ሁለት ሳምንት ቢቆም አይገርምም። አንድ አዲስ ምግብ ተቀባይነት ለማግኘት ከ10 እስከ 15 ጊዜ መቅረብ ሊፈልግ ይችላል፤ ብዙ ቤተሰብ በሦስተኛው «አይወደውም» ብሎ ይዘጋዋል።

ትንሽ ሆኖ የሚበቃ ገንፎ

ልጁ ጥቂት ማንኪያ ብቻ ስለሚወስድ ማንኪያው ውስጥ ያለው መክበድ አለበት። ለአንድ ኩባያ (250 ሚሊ ሊትር)፦ አራት የሾርባ ማንኪያ ምጥን ዱቄት (40 ግራም)፣ 100 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ወይም ዘይት፣ አንድ እንቁላል። ድምሩ 310 ካሎሪ አካባቢ ነው። ከቀጭኑ አጥሚት ስድስት እጥፍ! ግማሿን ኩባያ ከበላ 150 አገኘ፣ በቀን አምስት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ኩባያ ከ750 በላይ ነው፤ ሁለቱ የወተት ጡጦዎች ሲጨመሩ የተፈለገው ያልፋል። ሙሉውን ኩባያ ካልጨረሰ ብለው አይታገሉት።

«ወፍራም አይውጥም» ካሉ መልሱ ጓዳዎ ውስጥ አለ፦ ብቅል። ብቅል የሆነ እህል ስታርችን የሚፈታ ኢንዛይም ስላለው ወፍራሙን ገንፎ ውሃ ሳይጨመርበት ያቀጥነዋል፤ ካሎሪው ግን እንዳለ ይቀራል። ዱቄቱን በወተቱና በውሃው በደንብ ያብስሉ፣ ያውርዱ፣ ትኩስነቱ ጣት እስኪያስነካ 10 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምረው ያማስሉ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ሲላላ ያዩታል። እንቁላሉን መትተው ጨምረው መልሰው እሳት ላይ ያድርጉት፣ እያማሰሉ 5 ደቂቃ ይፍላ። ይህኛው ማፍላት አይቀርም፤ ብቅል ሲበቅል ጀርም አብሮ ይበቅላል። በጣም ትኩሱ ላይ ከጨመሩት ኢንዛይሙ ይሞትና አይቀጥንም፣ «አልሠራልኝም» የሚሉት አብዛኛው በዚህ ነው። ለጠላ ከተዘጋጀው መውሰድ ይቻላል፣ ጌሾ ያልነካው ይሁን፤ የገብስ፣ የስንዴ ወይም የዳጉሳ ይሁን። የማሽላ ብቅል ቡቃያው ውስጥ ሳያናይድ የሚያመነጭ ነገር ስላለ ለልጅ አይጠቅምም።

ብረቱንና ፕሮቲኑን ከጣና ዳር ሆኖ ማጣት ያሳፍራል። ከዓሣ ቀረሶን ይምረጡ፤ ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ ይላቀቃል። አምባዛም ይሆናል። ነጭ ዓሣ የሚባለው ግን በሥጋው መሐል ሹካ የመሰለ ደቃቅ እሾህ ስላለው ለትንሹ አይስጡት። ቀቅለው፣ በጣትዎ መሐል እያሹ እሾህ ፈትሸው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ (30 ግራም) ከድንች ጋር ይጨፍልቁት፤ ፕሮቲኑ ከአንድ እንቁላል ጋር ይተካከላል። በሳምንት አንድ ቀን በደንብ የበሰለ ጉበት ፈጭተው ገንፎው ላይ ያድርጉ። ምስርና ሽሮ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ወይም ከበሉ በኋላ ፓፓያ፣ ማንጎ መስጠት የእህሉን ብረት እንዲመጠጥ ያግዛል፤ ሻይ ተቃራኒውን ይሠራል። በጾም ወቅት እንቁላልና ወተት ለልጁ የማይሰጠው ይጹም ተብሎ ሳይሆን ድስቱ ይነካል ተብሎ ነው። ለእሱ አንድ ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ለይተው ያስቀምጡ፣ ክርክሩ ያልቃል።

ኧክ ማለትና መታነቅ

ኧክ ሲል ፊቱ ይቀላል፣ ዓይኑ ያነባል፣ ምላሱ ይወጣል፣ ድምፅ አለው። ይህ ጥበቃ ነው፤ ዝም ብለው፣ ፊትዎን ሳይለውጡ፣ በጎን ወደ ፊት ዘንበል እንዲል ብቻ ይርዱት። ጣት አያስገቡ። መታነቅ ግን ዝም ይላል፦ አያስልም፣ አያለቅስም፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ያኔ ወደ ፊት አዘንብለው በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍዎ ተረከዝ 5 ጊዜ በኃይል ይምቱ፤ ካልወጣ ከኋላው ሆነው ከእምብርቱ በላይ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይጫኑ፤ እስኪወጣ ያፈራርቁ፣ ሌላ ሰው ተሽከርካሪ ይጥራ። (ሆድን መጫኑ ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ነው።) ቡና ሲፈላ ቆሎው፣ ለውዙና ፈንዲሻው ልጁ በማይደርስበት ይሁን፤ አራት ዓመት እስኪሞላው ለእሱም ለእህቱም አይሰጥም። ሳይታይ ሳንባ ገብቶ የሚቀር አንድ ፍሬ ቆሎ ለወራት ያስላል።

ስለ ትልቋ

ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ ምግብን መፍራት የዕድሜው ጠባይ ነው፣ ዕድገትም በዚህ ጊዜ ስለሚቀዘቅዝ ፍላጎቷ ካምናው ያንሳል። ለእሷ የሚሠራው የሥራ ክፍፍል ነው፦ ምን፣ መቼ፣ የት እንደሚበላ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት፤ ስንት እንደምትበላ የምትወስነው እሷ ናት። ለብቻ ፓስታ አይሠራላትም፣ ነገር ግን ትሪው ላይ ሁልጊዜ አንድ የምታውቀው ነገር ይኑር። ከደረቅ እንጀራ ይነሡ፦ ዛሬ ጫፉ ሽሮ የነካ፣ በሳምንቱ ግማሹ። «ይህን ከበላሽ ከረሜላ» አይበሉ፤ ከረሜላውን ያነግሣል፣ ወጡን ቅጣት ያደርገዋል። የምትበላቸው ዓይነቶች እየቀነሱ ከሄዱ፣ ወይም ንግግሯ ከዘገየ፣ ስሟ ሲጠራ የማትዞር ከሆነ ጉዳዩ የምግብ ብቻ ላይሆን ይችላልና ለሕፃናት ሐኪም ያሳዩዋት።

ቶሎ ሐኪም ዘንድ

ትንሹ ሲጠጣ በተደጋጋሚ ትን የሚለው፣ ከጠጣ በኋላ ድምፁ ውሃ የያዘ ያህል የሚያጉረመርም፣ ሲመገብ የሚያልበውና ትንፋሹ የሚቆራረጥ (ልብም ሊሆን ይችላል)፣ ሳንባ ምች የሚደጋገምበት፣ ትውከቱ አረንጓዴ ወይም ደም ያለበት፣ ሰውነቱ የሚገታተር ወይም በተስተካከለ ዕድሜው 15 ወር ሆኖ ገና ያለ ድጋፍ የማይቀመጥ ከሆነ የቤት ልምምዱን ሳይጀምሩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። በከተማችን ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ጊዮንም የሕፃናት ክፍል አላቸው። የመዋጥ ችግር ላይ ብቻ የሚሠራ ባለሙያ በአገራችን ጥቂት ስለሆነ የሕፃናት ሐኪሙና ፊዚዮቴራፒስቱ አብረው ቢያዩት ጥሩ ነው። ሆድ ድርቀትም ይጠየቅ፤ ብዙ ወተት የሚጠጣ ልጅ ይደርቃል፣ የደረቀ ልጅ አይርበውም። ትኩሳት ካለው ወባም ይመርመር፤ ከበሽታ ሲነሣ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ማዕድ ይጨመርለት።

ክብደቱን በየሁለት ሳምንቱ፣ በአንድ ሚዛን፣ ልብሱን አውልቆ ያስለኩት። በዚህ ዕድሜ በወር 200 ግራም መጨመር መደበኛው ነው፤ ለእሱ ከዚያ በላይ እንፈልጋለን። በአንድ ወር ውስጥ ምንም ካልጨመረ ወይም ከቀነሰ ሁለት ነገር ይዘው ይሂዱ፦ የሦስት ቀን ማስታወሻ (ሰዓቱ፣ የቀረበው፣ የተዋጠው በማንኪያ ተቆጥሮ፣ የጠጣው በሚሊ ሊትር) እና አንድ ማዕድ ሲበላ ከጎኑ በስልክ የተቀረጸ የ5 ደቂቃ ቪዲዮ። እግሩና አገጩ በቪዲዮው ውስጥ ይታዩ።